ሁለት ፊርማ፣ አንድ ኪስ፦ የሕዝብ አገልግሎት ድርጅት ከእህት ኩባንያው ጋር የሚገባው ውል እንዴት ይመረመራል?

የታሪፍ ጭማሪ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ቀድሜ የምፈልገው የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን አይደለም። ከአባሪዎቹ መሀል የተሸጎጠች አንዲት አጭር ኢንቮይስ አለች፤ እሷን ነው የምፈልገው። መልኳ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «የጥገናና የቴክኒክ ድጋፍ አገልግሎት፤ ብዛት 1፤ የሩብ ዓመት ክፍያ 24 ሚሊዮን።» ስንት ሰው ሠራ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ የትኛው ማሽን ተጠገነ የሚል ነገር የለባትም። ከግርጌዋ ሁለት ፊርማ ተቀምጧል፤ የከፋዩና የተከፋዩ። የሁለቱም ባለቤት ግን አንድ ነው።

መብራት፣ ውሃ ወይም ጋዝ የሚያቀርብ ድርጅት በሚሠራበት አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። ደንበኛው ተወደደብኝ ብሎ ወደ ሌላ አይሄድም። ስለዚህ ታሪፉን የሚያጸድቀው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የድርጅቱን ትርፍ ይገድባል፤ ወጪው ግን ተገቢ እስከተባለ ድረስ በታሪፍ በኩል ለደንበኛው ይተላለፋል። በዚያው ባለቤት ሥር ያለው ሌላው ኩባንያ፣ እህት ኩባንያው፣ የትርፍ ገደብ የለበትም። ግራ ኪሱ የተሰፋበት፣ ቀኝ ኪሱ የተከፈተለት ባለቤት ገንዘቡን ወዴት እንደሚያዞር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

በተራ ግዥ ገዢው ዋጋ ለማስቀነስ ይከራከራል፤ ሻጩ ይሟገታል፤ መሀል ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ግን የገዢው ወንበር ባዶ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገዢው መጠየቅ የነበረበትን መጠየቅ ነው። መመሪያውን የጻፍኩት በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራ ለጀመረ ባለሙያ ቢሆንም፣ ለሸማቾች ማኅበር ተሟጋችም ሆነ ከላይ በመጣለት ውል ለተጨነቀ የድርጅት ሒሳብ ሹም ይጠቅማል።

ችግሩ የቆየ ነው

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) የመብራት ኩባንያዎች በሆልዲንግ ኩባንያ፣ ማለትም የሌሎችን አክሲዮን ይዞ በሚመራቸው ኩባንያ ሥር፣ ያም በሌላ ሆልዲንግ ሥር እየተደራረቡ ነበር። በ1932 ስምንቱ ትልልቅ ሆልዲንጎች የግሉን የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ 73 በመቶ ያህል ይዘው ነበር። ላይኛው ለታችኞቹ የምሕንድስና፣ የግንባታና የፋይናንስ «አገልግሎት» እየሸጠ ክፍያ ይሰበስባል፤ ታሪፍ የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ደግሞ ሥልጣኑ ከታችኛው ኩባንያ በላይ አይዘልቅም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1928 ጀምሮ ለዓመታት ባካሄደው ምርመራ ይህን አሠራር አደባባይ አወጣው። የመብራት ባለሀብቱ የሳሙኤል ኢንሱል የኩባንያ ክምር በ1932 ተናደ፤ በ1935 የሆልዲንግ ኩባንያዎች ሕግ ታወጀ። የሕጉ አንቀጽ 13 ሆልዲንጉ ራሱ በሥሩ ላሉት ኩባንያዎች አገልግሎት እየሸጠ እንዳያስከፍል ከለከለ፤ የቡድኑ የአገልግሎት ኩባንያም በወጪው ልክ ብቻ፣ ወጪውንም በፍትሐዊነት አካፍሎ እንዲያስከፍል አዘዘ። ሕጉ በ2005 ተሽሯል። «በወጪ ልክ» የሚለው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው።

1. እህቱ ማን ናት?

የትርጉሙ አንቀጽ ከላላ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። በባለቤትነት ብቻ «ከ50 በመቶ በላይ» ብለው ከተረጎሙ በሚቀጥለው ዓመት 49 በመቶ የሆነ እህት ኩባንያ ይመጣልዎታል። ከላይ የጠቀስኩት የ1935 ሕግ ድምፅ ከሚሰጥ አክሲዮን 10 በመቶ የያዘውን ሆልዲንግ፣ 5 በመቶ የያዘውን ተዛማጅ ብሎ ነበር የሚጀምረው። ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መጀመር ይሻላል፤ ግንኙነቱ ለክፉ የማይሰጥ ሆኖ ከተገኘ ነፃ ማድረግ አይከብድም።

ከቁጥሩ ጎን አንድ ሐረግ ይጨምሩ፦ «ወይም በማናቸውም መንገድ ውሳኔውን የመምራት አቅም ያለው»። የጋራ የቦርድ አባላት፣ የሥራ አስኪያጁ ቤተሰብ ኩባንያ፣ ሽያጩ በእናት ኩባንያው ብድር የተሸፈነ «ነፃ» ኩባንያ ሁሉ በዚህ ሐረግ ይያዛሉ። ሁለት ብልጠቶችንም ስማቸውን ጠርተው ይከልክሉ። አንደኛው፣ እህቲቱ ውሉን ከፈረመች በኋላ ተሽጣ «አሁን ዝምድና የለንም» የሚባለው ነው፤ ውሉ ሲፈረም የነበረው ዝምድና ውሉ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ዝምድና ይቆጠር። ሁለተኛው፣ ሦስተኛ ወገን መሀል ገብቶ ሥራውን በንዑስ ተቋራጭነት ለእህቲቱ የሚያስተላልፍበት ነው።

ዝርዝሩን ድርጅቱ በየዓመቱ ያቅርብ። ሲቀርብልዎ ደግሞ ኦዲት በተደረገው የሒሳብ መግለጫ ውስጥ ካለው የተዛማጅ ወገኖች ማብራሪያ ጋር ያመሳክሩት፤ የዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 24 ይህን ማብራሪያ ግዴታ ያደርጋል። ለኦዲተሩ የተነገረውና ለእርስዎ የተነገረው ስም ካልገጠመ ሥራዎን ከዚያ ይጀምሩ።

2. ውሎቹን በዓይነት መለየት

ሁሉንም ውል እኩል መመርመር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ከፍ ያለ ገንዘብ ያለባቸው፣ ረጅም ዘመን የሚቆዩና ለመለካት የሚያስቸግሩ ውሎች ከመፈረማቸው በፊት ይጽደቁ፤ አነስተኞቹ ይመዝገቡና በናሙና ይታዩ። ጣሪያውን ሲያስቀምጡ «ከአንድ እህት ኩባንያ ጋር በአንድ ዓመት የተገቡ ውሎች ድምር» ብለው ያስቀምጡት። ጣሪያው 5 ሚሊዮን ሆኖ ለየውሉ ከሆነ የሚቆጠረው፣ 4.9 ሚሊዮን የሆኑ ሦስት ውሎች በአንድ ሳምንት ሲፈረሙ ማየትዎ አይቀርም።

ለየት ያለ ዓይን የሚፈልገው የግንባታ ውል ነው። የጥገና ክፍያ ተጋንኖ ቢከፈል ጉዳቱ የዚያ ዓመት ነው። ግንባታ ተጋንኖ ከተከፈለ ግን ትርፉ የሚሰላበት የንብረት መሠረት ውስጥ ይገባል፤ ደንበኛው የእርጅና ቅናሹንም የካፒታል ተመላሹንም ለ30 እና ለ40 ዓመት ይከፍልበታል። ባለቤቱ እንግዲህ ሁለቴ ያተርፋል፤ በእህቲቱ በኩል ሲገነባ፣ በድርጅቱ በኩል ደግሞ ከተገነባ በኋላ በየዓመቱ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ሐርቬይ አቨርችና ሌላንድ ጆንሰን ትርፉ በካፒታል መጠን የሚወሰንለት ድርጅት ካፒታል ወደማብዛት እንደሚያዘነብል በ1962 አሳይተዋል። ገንቢዋ እህት ስትሆን ዝንባሌው እጥፍ ይሆናል።

3. የማስረዳት ሸክሙን ከራስዎ ላይ ያውርዱ

ብዙ ተቆጣጣሪዎች የሚሸነፉት እዚህ ነው። ድርጅቱ «ዋጋው ተጋንኗል ካላችሁ አስረዱ» ይላል፤ ማስረጃው ግን እህት ኩባንያው መሳቢያ ውስጥ ነው። እህት ኩባንያው ደግሞ «እኔ በእናንተ ቁጥጥር ሥር አይደለሁም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መውጫው እህቲቱን መቆጣጠር አይደለም። እርስዎ በታሪፉ ላይ ሥልጣን አለዎት፤ ማስረጃ ያልቀረበበት ክፍያ ታሪፍ ውስጥ አይገባም ማለት በቂ ነው። በደንብ ወይም በፈቃድ ሁኔታ ውስጥ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

«ድርጅቱ ከእህት ኩባንያ ጋር የገባው ውል ዋጋ ተገቢ ስለመሆኑ የማስረዳት ሸክሙ የድርጅቱ ነው። እህት ኩባንያው ለአገልግሎቱ ያወጣውን ወጪና ያገኘውን ትርፍ የሚያሳዩ መዛግብት ለተቆጣጣሪው ካልቀረቡ፣ ክፍያው በታሪፍ ስሌት ውስጥ አይካተትም።»

ጥርሱ ያለው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1930 በኢሊኖይ ቤል የስልክ ኩባንያ ጉዳይ፣ እህቲቱ ዌስተርን ኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሸጥበት ዋጋ ከሌሎች ዋጋ ጋር መነጻጸሩ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ያገኘችው ትርፍም መመርመር እንዳለበት ወሰነ። በ1932 ደግሞ በካንሳስ የጋዝ አከፋፋይ ጉዳይ፣ አከፋፋዩ ከእህቱ የሚገዛበት ዋጋ ተገቢ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው አለ። ክርክሩ ከዘጠና ዓመት በፊት ያለቀ ቢሆንም ዛሬም እንደ አዲስ ይነሣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡድኑ በብዙ አገር የሚሠራ ከሆነ ለግብር ባለሥልጣን የሚያቀርበው የእርስ በርስ ዋጋ አወጣጥ ሰነድ ይኖረዋል። ያንን ሰነድ ይጠይቁ። ለግብር ሰብሳቢው «እህቲቱ ብዙ ስጋት የማትሸከም ተራ አገልግሎት ሰጪ ናት፤ ትንሽ የትርፍ ህዳግ ይበቃታል» ብሎ፣ ለታሪፍ ተቆጣጣሪው «ከባድ ስጋት ስለምትሸከም ትልቅ ትርፍ ይገባታል» የሚል ቡድን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሲያዩበት የሚለው ይጠፋዋል።

4. ከዋጋው በፊት፦ ያስፈልጋል ወይ?

ባለሙያው ወደ ዋጋ ሲሮጥ ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። በርካሽ የተገዛ የማያስፈልግ ነገር ያው ኪሳራ ነው። ድርጅቱ ያንን ሥራ ቀድሞ በራሱ ሠራተኞች ይሠራ ነበር? ከሆነ ሠራተኞቹ የት ደረሱ? ወደ እህት ኩባንያው ተዛውረው ያንኑ ሥራ፣ በዚያው ቢሮ፣ በሌላ መታወቂያ እየሠሩ ከሆነ የተለወጠው የኢንቮይሱ አናት ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። የንግድ ስም አጠቃቀም ክፍያም እዚሁ ይወድቃል። በአካባቢው ብቸኛ የሆነ የውሃ ድርጅት የእናት ኩባንያውን አርማ በመለጠፉ አንድም ተጨማሪ ደንበኛ አያገኝም፤ ስለዚህ ለአርማው ከደንበኛው ኪስ የሚከፈል ነገር ሊኖር አይገባም ባይ ነኝ።

5. ዋጋው

መሠረታዊው ሕግ ሚዛኑ ሆን ተብሎ ወደ ደንበኛው ያጋደለ ነው። ድርጅቱ ከእህቱ ሲገዛ ከወጪና ከገበያ ዋጋ ዝቅተኛውን ይከፍላል። ለእህቱ ሲሸጥ ደግሞ ከወጪና ከገበያ ዋጋ ከፍተኛውን ይቀበላል።

ያችን ኢንቮይስ እናምጣት። የሩብ ዓመቱ 24 ሚሊዮን በዓመት 96 ይሆናል። የእህት ኩባንያው መዛግብት ሲከፈቱ ለዚህ ሥራ የወጣው ይህ ነው እንበል፦ ለሠራተኞች 40 ሚሊዮን፣ ለመለዋወጫ 22፣ ለተሽከርካሪና ለመሣሪያ እርጅና 8። በሥራው ላይ የዋለ 50 ሚሊዮን ካፒታል አለ፤ ለድርጅቱ የተፈቀደው ተመላሽ 10 በመቶ ከሆነ ለእህቲቱም ያንኑ እንስጣትና 5 ሚሊዮን እንጨምር። ድምሩ 75። ከዝምድና ነፃ የሆኑ ሦስት ኩባንያዎች ለዚያው ሥራ 82፣ 85 እና 91 ብለዋል። ዝቅተኛው የገበያ ዋጋ 82፣ ወጪው 75፤ የሚፈቀደው 75 ነው። ቀሪው 21 ሚሊዮን ከታሪፉ ይወጣል። የእህቲቱ ወጪ 88 ቢሆን ኖሮ ደግሞ «ወጪዬ ነው» ማለቷ አያድናትም፤ የሚፈቀደው 82 ይሆናል። ምክንያቱም በነፃነት የሚገዛ ሰው ከ82 በላይ አይከፍልም ነበር።

በተቃራኒው ድርጅቱ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ለእህቲቱ የኢንተርኔት ኬብል መስቀያ አከራየ እንበል። ተጨማሪ ወጪው 10፣ የገበያው ኪራይ 18 ከሆነ 18 ይከፈለው፤ ገቢውም ለታሪፍ ማቅለያ ይዋል። ይህኛው አቅጣጫ ይረሳል። ገንዘብ ሲወጣ እንጂ ንብረት በርካሽ ሲሰጥ አይታይማ! የደንበኞች መረጃ፣ ባዶ መሬት፣ የሠለጠነ መሐንዲስ «በትውስት» ሲሄዱ ኢንቮይስ እንኳ የለም።

ኩባንያዎች ሕጉ አድሏዊ ነው ብለው ይከራከራሉ፦ «ሁልጊዜ ዝቅተኛው ከሆነ እህቲቱ ቆጥባ ምን ልታገኝ?» መከራከሪያው እርባና የለውም አልልም። ሕጉ ሲከር የምር ቆጣቢ የሆነ የጋራ አሠራርም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ወጪ በትክክል የቀነሰች እህት ቁጠባውን ለተወሰነ ዓመት ከደንበኛው ጋር ብትካፈል አልቃወምም። ማካፈሉ ግን ወጪው በማስረጃ ከታየ በኋላ ይሁን።

የውጭ ደንበኛ የሌላት፣ ለቡድኑ ብቻ የሒሳብ፣ የሕግና የሰው ኃይል ሥራ የምትሠራ የጋራ አገልግሎት ኩባንያ ስትሆን ነገሩ ይለያል። የገበያ ዋጋ መፈለግ ራሱ ድካም ስለሆነ «በወጪ ልክ» ብሎ መዝጋት ይቀላል። የአሜሪካው የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2008 ባወጣው ትእዛዝ ያደረገውም ይህንኑ ነው፦ ለተማከለ አገልግሎት ኩባንያ በወጪ ልክ፣ ለሌላ እህት ከገበያ ዋጋ ያልበለጠ።

«የገበያ ዋጋ ነው» የሚል ሰነድ ሲቀርብልዎ የትኛው ዓይነት ማስረጃ እንደሆነ ይለዩ። ያው ኮሚሽን በ1991 በቦስተን ኤዲሰን ጉዳይ ሦስት ዓይነት ጠቅሷል፦ እህቲቱና ሌሎች ፊት ለፊት የተወዳደሩበት ጨረታ፣ ዝምድና የሌላቸው ገዢዎች ለተመሳሳይ አገልግሎት ለእህቲቱ የከፈሉት ዋጋ፣ እና የተነጻጻሪ ግብይቶች መረጃ። ሁለተኛው ላይ ይጠንቀቁ። እህቲቱ ከሽያጯ 95 በመቶውን ለድርጅቱ፣ 5 በመቶውን ለውጭ የምትሸጥ ከሆነ የ5 በመቶው ዋጋ ለማሳያነት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጥመድ ይቀራል፤ የህዳግ መደራረብ። ሥራውን የሚሠራው ሦስተኛ እህት ነው፤ ወጪው 100። 10 በመቶ ጨምሮ ለሁለተኛዋ በ110 ይሸጣል፤ እሷ 10 በመቶ ጨምራ በ121፤ የመጀመሪያዋ ደግሞ ለድርጅቱ በ133.1። በየወረቀቱ የሚታየው «10 በመቶ ብቻ» ነው። መመሪያዎ «ወጪ» ማለት ከቡድኑ ውጭ በእውነት የወጣ ገንዘብ እንደሆነ ይግለጽ።

6. ጨረታ ካለ

ጨረታ ካወጣን አለቀ ማለት አይደለም። እህት ኩባንያው የሚወዳደርበትን ጨረታ ስመለከት አራት ነገር እጠይቃለሁ፤ አራቱም ከላይ የጠቀስኩት የኢነርጂ ኮሚሽን በ2004 ካስቀመጣቸው መርሆች ጋር ይገጥማሉ። ጥሪው ለሁሉም እኩል ደረሰ? የሚገዛው ነገር በግልጽ ተገለጸ፣ ወይስ ዝርዝሩ በእህቲቱ ልክ ተሰፋ? መመዘኛው ቀድሞ ታውቆ ለሁሉም በእኩል ተሠራበት? ከመነሻው እስከ ምርጫው የሚከታተል ነፃ ሦስተኛ ወገን ነበር?

በአንድ ጨረታ ሰነድ ላይ ተጫራቹ «ከድርጅቱ የመረጃ ሥርዓት ጋር ቢያንስ የአምስት ዓመት ልምድ» እንዲኖረው የሚጠይቅ መስፈርት አይቼ አውቃለሁ። በዓለም ላይ ያ ልምድ ያለው አንድ ኩባንያ ብቻ ነበር። የጨረታው ማስታወቂያ የቆየው ደግሞ አሥር ቀን። ሌሎቹ ተጫራቾች ሳይመጡ ቀሩ፤ ቃለ ጉባኤው ግን «ግልጽ ጨረታ ተካሂዶ» ይላል።

7. የጋራ ወጪ ክፍፍል

የዋና መሥሪያ ቤት ወጪ የማንም አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ደካማው ይንሸራተታል። ደካማው ደግሞ ወጪውን በታሪፍ የሚያስተላልፈው ድርጅት ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ለማን እንደወጣ የሚታወቀው በቀጥታ ለዚያው ይጻፍ፤ ምክንያቱ የሚለካው (የደመወዝ ሥራ በሠራተኛ ቁጥር፣ የክፍያ ሥራ በሰነድ ብዛት) በዚያ ይከፈል፤ የተረፈው ብቻ በቀመር ይከፋፈል።

ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ቀመር ማሳቹሴትስ የሚባለው ነው፤ የደመወዝ፣ የቋሚ ንብረትና የገቢ ድርሻን አማካይ ይወስዳል። የድርጅቱ ድርሻ 50፣ 80 እና 65 በመቶ ከሆነ አማካዩ 65 ነው፤ ከ120 ሚሊዮን የጋራ ወጪ 78 ሚሊዮን ይደርሰዋል። በደመወዝ ብቻ ቢከፈል 60 ነበር። የ18 ሚሊዮን ልዩነቱ ከየት መጣ? የመብራትና የውሃ ድርጅት በተፈጥሮው ቋሚ ንብረቱ ብዙ ስለሆነ ነው በዋናነት፤ የዋና መሥሪያ ቤቱን ጠበቃ አብዝቶ ስለተጠቀመ ግን አይደለም።

ቀመሩ ላይ ከመከራከርዎ በፊት ግን 120ው ውስጥ ምን እንዳለ ይክፈቱ። ከውስጡ 30 ሚሊዮኑ ሌላ ኩባንያ ለመግዛት የተደረገ ጥናት፣ የእናት ኩባንያው የባለአክሲዮን ጉዳዮችና የገጽታ ግንባታ ሆኖ ቢገኝ ያ ገንዘብ የደንበኛው ጉዳይ አይደለም። ቀሪው 90 በ65 በመቶ ሲመታ 58.5 ነው። ቀመሩን ሳይነኩ 19.5 ሚሊዮን ወረደ። የተለያዩ ተቆጣጣሪዎች ባሉበት ቡድን ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የሚመች ቀመር እየቀረበ ድምሩ ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል፤ የሁሉንም እህቶች ድርሻ በአንድ ገጽ ላይ ያስቀርቡ።

8. ብድርና ዋስትና

ይህን ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ሕጉ ቀላል ስለሆነ። ድርጅቱ ለእህቱ አያበድር፣ ዋስ አይሁን፣ ንብረቱን በእህቱ ዕዳ አያስይዝ፣ የጋራ የገንዘብ ቋት ውስጥ ያለ ፈቃድ አይግባ። የራሱ የብድር ደረጃ፣ የራሱ ነፃ የቦርድ አባላት፣ የትርፍ ድርሻ ክፍያ ገደብ ይኑረው። የኢነርጂ ኩባንያው ኤንሮን በ1997 ፖርትላንድ ጄነራል ኤሌክትሪክን ሲገዛ የኦሪገን ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ዓይነት አጥር አስቀመጡ፤ ኤንሮን በታኅሣሥ 2001 ሲከስር የመብራት ድርጅቱ ወደ ኪሳራው አልገባም። በቴክሳስም የመብራት መስመር ድርጅቱ የኦንኮር እናት ኩባንያ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክማ በ2014 ስትከስር፣ በ2007 ግዥው ጊዜ የታጠረው ኦንኮር ከኪሳራው ውጭ ቆመ። አጥሩ በሁለቱም ቦታ የተሠራው ገና በደህናው ቀን ነበር። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ እዚህ ምንም አይሠራም።

9. ውሉ ውስጥ የሚፈለጉ አንቀጾች

ሲያነቡ ጣትዎን የሚያሳርፉባቸው ጥቂት ናቸው። ድርጅቱ በአጭር ማስጠንቀቂያና ያለ ቅጣት ውሉን ማቋረጥ ይችላል? የመውጫው ቅጣት የቀሪው ዘመን ክፍያ ከሆነ ውሉ በር የለውም ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ያልፈቀደው ክፍያ ምን ይሆናል? ከድርጅቱ ይልቅ እህቲቱ እንድትመልስ ይጻፍ፤ አለዚያ ድርጅቱ ታሪፍ ውስጥ ያልገባለትን ገንዘብ ከጥገና በጀቱ ቆርጦ ይከፍላል። ዋጋው የሚስተካከልበት ቀመር ወደ ላይ ብቻ ነው ወይስ ወደ ታችም? ውሉ በራሱ የሚታደስ ከሆነ ያንን አንቀጽ ያጥፉት። የመዛግብት ምርመራ መብት በውሉ ካለ እህቲቱ «አያገባችሁም» የምትልበት ቀዳዳ ይዘጋል።

10. ከጸደቀ በኋላ

ውል ማጽደቅና ክፍያውን በታሪፍ ውስጥ መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ በማጽደቂያ ደብዳቤው ላይ ይህን በግልጽ ይጻፉት። ካልጻፉት በሚቀጥለው የታሪፍ ችሎት «እናንተው አጽድቃችሁት» የሚል ክርክር ይጠብቅዎታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ውጤት የሚገኘውም ከዚሁ ነው። በየዓመቱ የክፍያ ዝርዝር ይቅረብ፤ እርስዎ ሃያ ሠላሳ ኢንቮይስ በዕጣ አውጥተው እስከ ሰዓት መመዝገቢያው ድረስ ይውረዱ። ሁሉም ሠራተኛ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሙሉ ለድርጅቱ ብቻ እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብ በወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ የተሞላ ነው። የማሻሻያ ሰነዶችን በተለይ ይከታተሉ። ዋናው ውል ሲጸድቅ ሁሉም አይኑን ስለሚያፈጥበት ንጹሕ ነው፤ ከስምንት ወር በኋላ «ተጨማሪ ሥራ» ተብሎ በአንድ ገጽ የሚገባው ማሻሻያ ግን የመጀመሪያውን ዋጋ በግማሽ ሊያሳድገው ይችላል። ማንኛውም ማሻሻያ እንደ አዲስ ውል ይታይ።

ጥሰት ሲገኝ ያልተገባው ክፍያ ከታሪፉ ይውጣ፤ የተሰበሰበም ካለ ከነወለዱ ለደንበኛው ይመለስ። መመለስ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ የተያዘውን ብቻ የሚመልስ ያልተያዘውን እንደያዘ ስለሚቀር ቅጣት ሊኖር ይገባል። ቅጣቱም ታሪፍ ውስጥ አይግባ።

ይህ ሁሉ በተሠራበት ድርጅት ያች የሩብ ዓመት ኢንቮይስ እንደገና ስትመጣ እንዲህ ሆና ትመጣለች፦ «የፓምፖች ጥገና፣ በአባሪ 1 በተዘረዘሩት ጣቢያዎች። የሠራተኛ ሰዓት በተያያዘው መዝገብ መሠረት፣ 10 ሚሊዮን። መለዋወጫ በተያያዙት የግዥ ደረሰኞች መሠረት፣ 5.5 ሚሊዮን። የመሣሪያና የተሽከርካሪ እርጅና፣ 2 ሚሊዮን። የካፒታል ተመላሽ፣ 1.25 ሚሊዮን። ድምር 18.75 ሚሊዮን።» ከግርጌዋ የቀድሞዎቹ ሁለት ፊርማዎች አሉ። የሰዓት መዝገቡን ግን አሁንም ከፍተው ይዩት።